ፊቴን ሌዘር ልሠራ ወይስ ይቅርብኝ?

ባለፈው ዓመት አርባ ስምንቴን በደፈንኩ ሰሞን የአክስቴ ልጅ ከዱባይ መጣች። ቡና እየጠጣን ፊቴን ትክ ብላ አየችና «አንቺ፣ ይሄን ግንባርሽን ሌዘር ብትሠሪው እኮ…» አለችኝ። የከሰሉ ጭስ ነው፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነው ብዬ አለፍኩት። ማታ መስታወት ፊት ቆምኩ። ጭሱ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ሦስት የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄጃለሁ፣ ሁለት ቦታ ዋጋ ጠይቄያለሁ፣ አንድ ቦታ ደግሞ ቀጠሮ ይዤ በመጨረሻው ቀን ሰርዣለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የሒሳብ ሰው ስለሆንኩ ነው መሰለኝ ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ምን እንደምገዛ ማወቅ እወዳለሁ፣ እና ጓደኞቼ በየሳምንቱ ያንኑ ጥያቄ እየደጋገሙ ሲጠይቁኝ ያነበብኩትንም የሰማሁትንም አንድ ላይ ልጻፈውና ልገላገል አልኩ። «አንቺ» እያልኩ ነው የምጽፈው። ወንዶችም እንደምታነቡ አውቃለሁ፤ ቆዳ ቆዳ ነው፣ እያስተካከላችሁ አንብቡት።

ብዙዎቻችን የምንጀምረው «የትኛው ሌዘር ይሻላል?» ብለን ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ሁለተኛዋ ሐኪም ናት ያቃናችኝ። መጀመሪያ መስመርሽ ምን ዓይነት እንደሆነ እወቂ፣ ቀጥሎ ቆዳሽ ሲቆስል ምን እንደሚሆን እወቂ፣ የማሽኑ ነገር ሦስተኛ ነው አለችኝ።

መጀመሪያ መስታወቱ

ፊትሽን ታጠቢ፣ ምንም አትቀቢ፣ በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ ቁሚ። የመታጠቢያ ቤት አምፖል ሥር አይሆንም፤ ከላይ የሚወርድ መብራት የሌለሽን ዕድሜ ይጨምርብሻል።

አሁን እንደተቆጣ ሰው ቅንድብሽን ቋጥሪ። ልቀቂው። ስትለቂው መስመሩ አብሮ ከጠፋ የጡንቻ መስመር ነው። ግንባር ላይ፣ በሁለቱ ቅንድቦች መሀል፣ ስትስቂ ደግሞ በዓይንሽ ጥግ የሚወጣው አብዛኛው እንዲህ ነው። ለዚህ ሌዘር ብዙም አይጠቅምሽም። ሌዘር የሚሠራው ቆዳው ላይ ነው፤ ቆዳውን እያጠፈ የሚያስቸግርሽ ግን ከሥር ያለው ጡንቻ ነው።

ፊትሽ ዘና ብሎም መስመሩ ካለ፣ በተለይ ዓይን ሥርና ጉንጭ ላይ እንደ ተጨበጠ ወረቀት ደቃቅ ሆኖ ከታየ፣ እሱ ቆዳው ውስጥ ገብቷል። ባብዛኛው የፀሐይ ሥራ ነው። ሌዘር በደንብ የሚያውቀው ይሄኛውን ነው።

ሦስተኛው ከአፍንጫ ጎን ተነስቶ ወደ አፍ ጥግ የሚወርደው እጥፋት ነው። በጀርባሽ ተኝተሽ የእጅ መስታወት ከፊትሽ በላይ ያዢና እዪው። ተኝተሽ ከቀለለ ነገሩ መጨማደድ ሳይሆን መውረድ ነው፤ ጉንጭ ውስጥ ያለው ስብ ቀንሷል፣ ቆዳው ተንሸራቷል። ይሄን ክሬም አያነሳውም፣ ሌዘርም ቢሆን እምብዛም።

እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ ሦስተኛው ከሁለተኛው ቀድሞ ይመጣል። ለቆዳችን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን የፀሐይን ጨረር በከፊል ስለሚያስቀር ደቃቁ መስመር ከነጮቹ ዘግይቶ ነው የሚታየን። ቀድሞ የሚያስጨንቀን ማድያት ነው፣ የቀለም መዥጎርጎር ነው። እንዲያውም «ፊቴ አረጀ» የምንለው አንዳንዴ መስመሩን ሳይሆን ማድያቱን አይተን ነው። ልዩነቱ ቀላል አይምሰልሽ። ሙቀት ማድያትን ይቀሰቅሳል፤ ማድያት ያለበትን ፊት ለመጨማደድ ብለሽ ሌዘር ሥር ብታስገቢው በአንድ ችግር ሁለት ይዘሽ ልትመለሺ ትችያለሽ።

ጠባሳሽ ምን ይላል?

ቶማስ ፊትዝፓትሪክ የተባሉ የሃርቫርድ የቆዳ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1975 ቆዳን ፀሐይ ሲነካው ይቃጠላል ወይስ ይጠቁራል በሚለው መደቡት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ ምደባው ከ1 እስከ 6 ይሄዳል፣ አብዛኞቻችን ከ4 እስከ 6 ውስጥ ነን። የሄድሽበት ቦታ ስለ ቆዳሽ ዓይነት አንዲት ቃል ሳይጠይቅሽ ዋጋ ከነገረሽ ቦርሳሽን አንሺና ውጪ።

ከቁጥሩ በላይ የሚናገረው ግን የራስሽ ገላ ነው። ድሮ ብጉር የነበረበትን ቦታ እዪ። ምጣድ ያቃጠለሽን ክንድሽን እዪ። ትንኝ ነክሶሽ ያከክሽውን እግርሽንም። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ቦታው ጠቁሮ ወራት የሚቆይብሽ ከሆነ ሌዘርም ፊትሽ ላይ ያንኑ ሊያደርግ ይችላል። ጆሮሽን የተበሳሽበት ቦታ አብጦ ከቁስሉ አልፎ የሄደ ጠባሳ ካለው ደግሞ ኬሎይድ ነው፤ ቆዳ የሚልጠውን ሌዘር ከነጭራሹ ከሐሳብሽ አውጪው።

ፊት የሚያቀላ ክሬም ተቀብተሽ ታውቂያለሽ? ለኔ አትንገሪኝ፣ ለሐኪሙ ግን ንገሪው። ከእነዚህ ክሬሞች በርካቶቹ ውስጥ እንደ ክሎቤታሶል ያለ ኃይለኛ ስቴሮይድ አለ። ስቴሮይዱ ቆዳን ያሳሳል፣ ደም ሥሩን ያወጣል፣ የቁስልን መዳን ያዘገያል። እንዲህ የሳሳ ቆዳ ላይ ሌዘር መሞከር ያረጀ ነጠላን በእጅ እንደማሸት ነው።

አንዲት ጓደኛዬ አለች፤ ስሟንም የተሠራችበትንም ቦታ አልጠራም። የውበት ሳሎን ውስጥ «ሌዘር ነው» ተብላ ተሠራች። ማሽኑ ሌዘር እንኳ አልነበረም። አይፒኤል የሚባለው፣ ብዙ ዓይነት ብርሃን ባንዴ የሚረጭ ኃይለኛ መብራት ነው። ያ ብርሃን የሚያሳድደው ጥቁር ቀለምን ነው። ነጭ ቆዳ ላይ ያለች ቡናማ ነጥብ ላይ ሲያርፍ ነጥቧን ብቻ ይመታል፤ እኛ ላይ ሲያርፍ ግን ፊታችን ሁሉ ቀለም ነውና ያገኘውን ሁሉ ያቃጥላል። ጉንጯ ላይ ልክ የመሣሪያውን አፍ የሚያህሉ አራት ማዕዘን ጥቁር ምልክቶች ይዛ ዓመት ከመንፈቅ በነጠላ ተሸፋፍና ኖረች። እኔ ቀጠሮዬን የሰረዝኩት እሷን አይቼ ነው።

ሌዘሩ ምን ያደርጋል?

ለመጨማደድ የሚውሉት ሌዘሮች በግርድፉ ሁለት ናቸው፤ ቆዳ የሚልጡና የማይልጡ።

ከሚልጡት የታወቁት ካርቦን ዳይኦክሳይድና ኤርቢየም ያግ ናቸው። የመጀመሪያው የሞገድ ርዝመቱ 10,600 ናኖሜትር (የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው)፣ የሁለተኛው 2,940 ነው። ሁለቱም ቀለም አይፈልጉም፤ የሚፈልጉት ቆዳ ውስጥ ያለውን ውኃ ነው። ውኃው ባንዴ ሲተን የላይኛው ቆዳ አብሮ ይነሳል፣ ወደ ውስጥ የዘለቀው ሙቀት ደግሞ ቆዳው አዲስ ኮላጅን፣ ቆዳን አጥብቆ የሚይዘውን ነገር፣ እንዲሠራ ያስገድደዋል። ፀሐይ ክፉኛ ለጎዳው ፊት ከሌዘሮች ሁሉ ጠንካራው ውጤት የዚህ ነው፣ አልክድም።

ታዲያ ቀለም ካልፈለገ ለኛ ምን ችግር አለው? እኔም ይሄንኑ ጠየቅሁ። መልሱ ቁስሉ ነው። የኛ ቆዳ ሲቆስል ቀለም የሚያመርቱት ሴሎች ይደነብሩና ከመጠን በላይ ያመርታሉ፤ ቦታው ይጠቁራል። አለዚያም ሴሎቹ ራሳቸው ይጎዱና ቦታው ይነጣል። ጥቁረቱ ባብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ይመጣል፣ ቀስ ብሎ በወራት ይለቃል። ክፉው ንጣቱ ነው። ሁሉም ነገር ደህና ሆኖ፣ ከረሳሽው በኋላ፣ ከ6 ወር በኋላም ሊመጣ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል። ኤርቢየሙ ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ ያነሰ ሙቀት ነው ቆዳው ውስጥ ትቶ የሚሄደው፣ ስለዚህ በዚህ በኩል ትንሽ ይሻላል፤ ያም ሆኖ መላጥ መላጥ ነው።

በ2004 ዲተር ማንስታይን፣ ሮክስ አንደርሰንና ባልደረቦቻቸው ቦስተን ውስጥ አንድ መላ አመጡ። ፊቱን ሙሉ በሙሉ ከመላጥ ጨረሩን ደቃቅ ነጠብጣብ አድርጎ መበተን። እንጀራን አስቢ። ዓይኖቹ ቀዳዳ ናቸው፣ በዓይኖቹ መሀል ያለው ግን ሙሉ ነው። ፊትሽ ላይም መሀል ላይ ሳይነካ የቀረው ጤነኛ ቆዳ ከየአቅጣጫው ቀዳዳዎቹን ቶሎ ይሞላቸዋል። ፍራክሽናል የሚሉሽ ይሄን ነው። የሚልጥም የማይልጥም ፍራክሽናል አለ፣ ስለዚህ «ፍራክሽናል ነው» ሲሉሽ የትኛው እንደሆነ ሳትጠይቂ እሺ አትበዪ። ለካርቦን ዳይኦክሳይድም «ፍራክሽናል» ይሉታል፤ እሱ ነጠብጣብ ቢሆንም ይልጣል።

ለኛ ቀለም ሐኪሞች ባብዛኛው የሚያስቀድሙት የማይልጠውን ነው፣ 1,550 ናኖሜትሩን ዓይነት። ከ3 እስከ 5 ጊዜ ትመላለሻለሽ፣ በየመሀሉ ቢያንስ አራት ሳምንት ይኖራል፤ እኛ ላይ ከዚያም ቢረዝም አይከፋም። ለጥቂት ቀናት ፊት ያብጣል፣ ይቀላል፣ ቀጥሎ በእጅሽ ስትነኪው እንደ አሸዋ ይሻክራል። ሙሉ ፊት የሚልጠው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ቤት ያስቀምጥሻል፣ መቅላቱም ወራት ሊቆይ ይችላል። 1,064 ናኖሜትር የሆነ ኤንዲ ያግ የሚባልም አለ። ቀለሙን ብዙም ሳይነካ ወደ ውስጥ ስለሚያልፍ ለጥቁር ቆዳ የተሻለ ደህንነት አለው፣ መጨማደድ ላይ ግን ጉልበቱ መጠነኛ ነው።

ውጤቱን በልክ ጠብቂ። የማይልጠው ሌዘር ደቃቁን መስመር ያለሰልሳል፣ ጥልቁን አያጠፋም። ሦስት አራት ጊዜ ከፍለሽ ተመላልሰሽ አንዷ ጓደኛሽ «ምን ተቀባሽ? ፊትሽ ወዝ አለው» ካለችሽ ተሳክቷል ማለት ነው። «ስንት ዓመትሽ ነበር?» ካላለችሽ አትናደጂ።

ሐኪሙ ማሽኑ ላይ የሚያስተካክለው የጨረሩን ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ነጠብጣቦቹ ምን ያህል እንደሚቀራረቡም ይወስናል። ጥቁር ቆዳ ላይ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ መቀራረባቸው ነው። ልምድ ያለው ሐኪም ያራርቃቸዋል፣ ባንዴ ከመጨረስ ጊዜውን ያበዛል። «በአንድ ቀን እንጨርስልሻለን» የሚልሽ ካለ ሽሺ።

ከሌዘር በፊት ስድስት ወር ስጪው

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ የሚዘለው ይሄን ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው ያለችው። በየ1,000 ሜትሩ የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ብርዱ ያዘናጋናል፣ ፀሐይዋ ግን ከጅቡቲ ይልቅ ለኛ ቅርብ ናት ማለት ይቻላል። ቆዳን የሚያስረጀው ዩቪኤ የሚባለው ደግሞ በመስታወት ያልፋል። በ2012 አንድ ታዋቂ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የአንድ የ69 ዓመት አሜሪካዊ ፎቶ አለ፤ 28 ዓመት የጭነት መኪና የነዳ ሰው ነው። በመስኮቱ በኩል ያለው ግራ ጉንጩ ከቀኙ ሃያ ዓመት የሚበልጥ ይመስላል። ያን ፎቶ ሳይ ትዝ ያሉኝ ዋሽንግተን ታክሲ የሚነዱ ወንድሞቻችን ናቸው። መስኮት አጠገብ ቁጭ ብሎ የሚውል የቢሮ ሰው ሁሉ ያው ነው።

አውስትራሊያ ውስጥ ናምቡር በምትባል ከተማ 903 ሰዎችን አራት ዓመት ተኩል ተከታትለው ነበር፣ ውጤቱም በ2013 ወጥቷል። በየቀኑ ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ክሬም) እንዲቀቡ የተደረጉት፣ ደስ ባላቸው ጊዜ ከሚቀቡት ይልቅ የቆዳቸው ማርጀት በ24 በመቶ ያነሰ ሆነ። ሰዎቹ ነጮች ናቸው ብትዪኝ ልክ ነሽ፤ ግን ጨረሩ ያው ጨረር ነው፣ እኛ ደግሞ ማድያቱ አለብን።

ስለዚህ ኤስፒኤፍ የሚሉት የመከላከል አቅሙ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰንስክሪን ግዢ፣ ዩቪኤንም የሚከላከል መሆኑ ላዩ ላይ የተጻፈበት። ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣት ሙሉ ርዝመት የተዘረጋ መጠን ያስፈልጋል። ጠብታ ቀብተሽ «ምንም አልሠራልኝም» አትበይ። ነጩ ዱቄት እንደተነሰነሰብሽ ካስመሰለሽ ቀለም ያለውን ፈልጊ። ቀለም የሚሰጠው የብረት ኦክሳይድ ለማማር ብቻ አይደለም፤ ማድያትን የሚያባብሰውን የሚታየውን ብርሃን ጭምር ይከላከላል። ጃንጥላም ለዝናብ ብቻ አልተሠራም፣ አያቶቻችን ያውቁታል።

ማታ ደግሞ ትሬቲኖይን። ከቫይታሚን ኤ የሚመጣ ክሬም ነው፣ ብጉር የነበረባችሁ ታውቁታላችሁ። የብጉር መድኃኒት ሆኖ ነው የጀመረው፤ ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት አልበርት ክሊግማን የሚቀቡት ሰዎች መጨማደዳቸው ሲቀንስ አስተዋሉ፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በ1995 ለደቃቅ መስመሮች ፈቀደው። ከሚቀቡ ነገሮች ሁሉ ብዙ የተጠና እሱ ነው። ርካሽም ነው፣ ከሌዘር ጋር ካነጻጸርሽው የሻይ ገንዘብ ነው።

አጠቃቀሙ ላይ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ሐኪሙ ዝቅ ካለው ጥንካሬ ያስጀምርሻል። በሳምንት ሁለት ማታ፣ ፊትሽ በደንብ ከደረቀ በኋላ፣ ለመላ ፊት አንዲት የአተር ፍሬ የምታህል ብቻ። ካቃጠለሽ መጀመሪያ የሚያለሰልስ ቅባት ተቀቢና በላዩ ላይ አድርጊው። ከወር በኋላ አንድ ማታ እየዘለልሽ ወደ መቀባት ከፍ በዪ። መጀመሪያ ይልጣል፣ ይቀላል፣ «ምን ሆንሽ?» ይሉሻል። ሌላ አገር ሰው በድፍረት በየቀኑ ይቀባው ይሆናል፤ እኛ ላይ ግን ማቃጠሉ ራሱ ጥቁር ነጥብ ትቶ ይሄዳል፣ ስለዚህ ቀስ። ለውጡ የሚታየው ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ነው። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም ልታረግዢ ካሰብሽ አይሆንም።

እኔ ስምንት ወር ተቀብቼዋለሁ። ከዓይኔ ሥር የነበረው ደቃቅ ነገር ቀንሷል። ግንባሬ ላይ ያለው አልተነቃነቀም፤ እሱ የጡንቻ ነው ብዬሻለሁ።

ሎሚን በተመለከተ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ሎሚ ፊት ላይ ጨምቀሽ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳን ያቃጥላል፣ ለወራት የማይለቅ ጥቁረትም ያመጣል። ማርም እርጎም ተቀቢ፣ አይጎዱሽም፤ መስመር ግን አያጠፉም።

መርፌዎቹ

ለጡንቻ መስመር ቦቶክስ ነው፣ ጡንቻን ለጊዜው የሚያዝናና መርፌ። ታሪኩ ደስ ይለኛል። ቫንኩቨር ውስጥ ባልና ሚስት ሐኪሞች ነበሩ፣ ጂን ካሩዘርስ የዓይን ሐኪም፣ አላስቴር የቆዳ። ሚስትየው ዓይናቸው ያለፈቃዳቸው ለሚርገበገብ ሰዎች ቦቶክስ ስትወጋ አንዷ ታካሚ «ግንባሬንም ውጊኝ፣ ስትወጊኝ ፊቴ ይዝናናል» አለቻት፤ ነገሩ ከዚያ ተጀመረ። በ2002 አሜሪካ ውስጥ በቅንድቦች መሀል ላለው መስመር ተፈቀደ።

ቦቶክስ የቆዳ ቀለም አያውቅም፣ ለኛ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው። ሥራው በጥቂት ቀናት ይጀምራል፣ ሁለት ሳምንት ላይ ይሞላል፣ ከ3 እስከ 4 ወር ቆይቶ ይለቃል። የማይችል ሰው ከወጋሽ የዓይን ቆብሽ ለሳምንታት ሊወርድ ይችላል። እርጉዝም አጥቢም ሆነሽ አይሆንም። እኔ አንድ ጊዜ ተወግቼ ወድጄዋለሁ፣ ባለቤቴ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ አላስተዋለም፤ «ዛሬ ደስ ብሎሻል?» ነው ያለኝ።

በሰው ሳሎን፣ በልደት ግብዣ፣ በሻንጣ የመጣ ቦቶክስ እንዳትወጊ። በ2024 አሜሪካ ውስጥ እንኳ በበርካታ ግዛቶች ሐሰተኛ ቦቶክስ የተወጉ ሰዎች ሆስፒታል ገብተዋል። ዕቃው ቀዝቃዛ ቦታ ነው የሚቀመጠው፣ ጠርሙሱ ዓይንሽ እያየ ይከፈት።

ለእጥፋቱ ፊለር አለ፣ ከቆዳ ሥር ተወግቶ ቦታውን የሚሞላ ነገር፣ ባብዛኛው ሃያሉሮኒክ አሲድ። ከ6 ወር እስከ ዓመት ተኩል ይቆያል። መርፌው ስቶ ደም ሥር ውስጥ ከገባ ግን ቆዳ ሊሞት፣ ዓይንም ሊጠፋ ይችላል፤ የሚያጋጥመው እምብዛም ነው፣ ሲያጋጥም ግን ሰዓት አይሰጥም። ስለዚህ «ሃያሉሮኒዴዝ እዚሁ አላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። ፊለሩን የሚያሟሟው መድኃኒት ነው። የጠየቅሻቸው ሰዎች መልስ አጥተው ዓይን ዓይንሽን ካዩሽ መልሱን አግኝተሻል። ፈሳሽ ሲሊኮን ከሆነ በጭራሽ።

ሌላውን ባጭሩ። በደቃቅ መርፌ ቆዳ መውጋት፣ ማይክሮኒድሊንግ የሚሉት፣ ሙቀትም ብርሃንም ስለሌለው ለኛ ቀለም ከሌዘር የቀለለ ስጋት አለው፣ ለደቃቅ መስመር መጠነኛ ጥቅም አለው። ከሬዲዮ ሞገድ ጋር ከተደረገ ግን ሙቀት ተመለሰ ማለት ነው፣ ልምድ ይጠይቃል። ራስሽ ቤት ውስጥ የምታንከባልዪውን ባለመርፌ ሮለር ተዪው። የራስን ደም መልሶ ፊት ላይ የሚያደርጉትማ፣ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ በ2018 አንድ ስፓ የተሠሩ ሴቶች ኤችአይቪ ይዘው ወጥተዋል፤ መርፌውም ደሙም ለአንድ ሰው ብቻ መሆኑን በዓይንሽ ሳታዪ አትቀመጪ። በኬሚካል መላጥ ላዩን ብቻ የሚነካው፣ እንደ ግላይኮሊክ አሲድ ያለው፣ በሐኪም እጅ ደህና ነው። በፌኖል የሚሠራው ጥልቁ ግን ለጥቁር ቆዳ አይደለም፤ ልብንም ይነካል።

ሒሳቡ

ሰዎች የአንድ ጊዜ ዋጋ ብቻ ጠይቀው ይመጣሉ። እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ሁሉንም ወደ ሁለት ዓመት ወጪ ቀይሪው። ቦቶክስ በዓመት ሦስት አራት ጊዜ፣ በሁለት ዓመት እስከ ስምንት። ሌዘር ከ3 እስከ 5 ጊዜ፣ ሲደመር በየጊዜው ከሥራ የምትቀሪባቸው ቀናት፣ ሲደመር በኋላ የሚታዘዝልሽ ክሬም፣ ሲደመር ከጠቆረ ለማስለቀቅ የምታወጪው። ይሄን የመጨረሻውን ማንም አይነግርሽም፣ አንቺ ግን መጠባበቂያ ብለሽ ያዢ። ሰንስክሪንና ትሬቲኖይን በሁለቱም ዓምድ ውስጥ አሉ፤ ካላስገባሻቸው የከፈልሽበት ነገር ተመልሶ ይሄዳል። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ኢንሹራንስ ለመጨማደድ አይከፍልም፣ ተስፋ አታድርጉ።

ማን ዘንድ፣ ምን ብዬ?

አገር ቤት ከሆንሽ የቆዳና የአባላዘር ስፔሻሊስት ፈልጊ። ማሽኑን የገዛ ሰው ሁሉ ሐኪም አይደለም። ማድያትሽን ወይም ጠባሳሽን ለማስመርመር የግድ የውበት ክሊኒክ መሄድ የለብሽም፤ ዘነበወርቅ ያለው አለርት የቆዳ ሕክምናው ከቆየ ጀምሮ የታወቀ ነው፣ የግል የቆዳ ክሊኒኮችም አሉ። አሜሪካ ከሆንሽ በቆዳ ሕክምና ቦርድ የተመሰከረለት መሆኑን አረጋግጪ። በጥቁርና በቡናማ ቆዳ ላይ የሚሠሩ ሐኪሞች ማኅበርም አለ፣ ስኪን ኦፍ ከለር ሶሳይቲ ይባላል፣ በ2004 ነው የተመሠረተው። ገልፍ ያላችሁ እህቶች፣ ቅናሽ ተብሎ በስልክ የሚመጣ ማስታወቂያ አያጣድፋችሁ።

ገብተሽ ስትቀመጪ የማሽኑን ስም ጠይቂ፣ «ሌዘር» ብቻ መልስ አይደለም። የኔን ቀለም የሚመስል ፊት ሠርተህ ታውቃለህ፣ ፎቶ አሳየኝ በዪ፣ ፎቶውም ከስድስት ወር በኋላ የተነሳ ይሁን። ቢጠቁርብኝ ምን ታደርጋለህ በዪ። ጨረሩን የሚይዘው እጅ የማን ነው በዪ፤ አንዳንድ ቦታ ሐኪሙ ያነጋግርሽና የሚሠራሽ ሌላ ሰው ይሆናል። በመጨረሻ የሙከራ ቦታ ጠይቂ፦ ከጆሮ ፊት ወይም ከመንጋጋ ሥር ትንሽ ቦታ ተሠርቶ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይታያል። እምቢ ካለ ሌላ ሐኪም አለ።

አንቺም ልትደብቂው የማይገባ አለ። ብጉር ለማጥፋት የሚዋጥ አይሶትሬቲኖይን ከወሰድሽ መቼ እንዳቆምሽ ተናገሪ። ከንፈርሽ ላይ ምች የሚወጣብሽ ከሆነም እንደዚሁ። ምች የምንለው ብዙ ጊዜ የሄርፒስ ቫይረስ ነው፤ አንቺ ተኝቷል ብለሽ ሳለ ሌዘሩ ይቀሰቅሰውና በተላጠው ፊት ላይ ሊዳረስ ይችላል። ሐኪሙ አስቀድሞ አሲክሎቪር ወይም ቫላሲክሎቪር ያዝልሻል። እዚህ ላይ ዳማከሴ አይበቃም።

ከወሰንሽ

ጊዜውን ምረጪ። ከጥምቀት በፊት አይሆንም፤ ሁለት ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ልትቆሚ ነው። ለልጅሽ ሰርግ ብለሽ ከሆነ ደግሞ ቦቶክሱን ከወር በፊት፣ ሌዘሩን የመጨረሻው ዙር ቢያንስ ከሦስት ወር በፊት ጨርሺ። ክረምት ይሻላል፣ ደመና ግን ጨረሩን ሁሉ አያስቀርም፣ ሰንስክሪኑ ይቀጥላል። ትሬቲኖይኑን ከስንት ቀን በፊት እንደምታቆሚ ሐኪሙ ይነግርሻል፣ በራስሽ አትገምቺ።

ከተሠራሽ በኋላ በለስላሳ ሳሙና ታጥበሽ፣ ቫዝሊን ወይም የታዘዘልሽን ቀብተሽ፣ ፀሐይ ከመንካት ተቆጥበሽ ነው። ቅርፊቱን አትላጪ፣ እጅሽን እሰሪው ካስፈለገ። ይሄን ደግሞ የትም ተጽፎ አታገኚውም፦ ቢያንስ አንድ ሳምንት እንጀራ አትጋግሪ። ምጣዱ ሥር ጎንበስ ማለት፣ እሳትና ጭስ፣ ለተቆጣ ፊት ከፀሐይ አይሻልም። ወይባም ይቅር፣ ስቲምም ይቅር። ቡናውን ሌላ ሰው ያፍላ።

ፊትሽ ከቀን ወደ ቀን እየቀለለ መሄድ አለበት። ሕመሙ ከጨመረ፣ መግል ወይም ውኃ የቋጠረ ነገር ካየሽ፣ ትኩሳት ከመጣ ያንኑ ቀን ደውዪ። ሦስተኛው አራተኛው ሳምንት ላይ መጥቆር ከጀመረ አትሸበሪ፣ ራስሽም ማቅያ ክሬም ፍለጋ አትሩጪ። ሐኪሙ ዘንድ ተመለሺ፤ ቶሎ ሲጀመር ቶሎ ይለቃል።

እኔ ሙከራውን ለሐምሌ ይዣለሁ። ከግራ ጆሮዬ ፊት፣ የሁለት ጣት ስፋት ብቻ። ለአክስቴ ልጅ ስነግራት «ለሁለት ጣት ነው እንዴ ዓመት ሙሉ ያሰብሽው?» ብላ ሳቀችብኝ።